አዋላጅ ቢቢያና ሶሬንግ እና የረቡዕዋ መኪና

ወይዘሮ ቢቢያና ሶሬንግ ከአባታቸው ከአቶ ማርሳል ሶሬንግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሱሳና ቴቴ እ.ኤ.አ. በማርች ወር 1957 በኦዲሻ ግዛት፣ በሱንደርጋር አውራጃ፣ በመንደራችን በጋርጃቶሊ ተወለዱ። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ የለም። እናታቸው የማሁዋ አበባ ሊለቅሙ ማለዳ ጫካ እንደወረዱ ምጥ ያዛቸውና እዚያው ዛፉ ሥር ተገላገሉ፤ ማሁዋ የሚረግፈው በማርች ስለሆነ ወሩ በዚሁ ታወቀ። በጥምቀት መዝገብ ላይ የሰፈረው ቀን የካህኑ ግምት ነው።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት የወንድማቸው ልጅ ሰሎሚ ሶሬንግ ነኝ። በመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቤተሰቡ ሰብሰብ ብሎ «የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ ጻፊው» ሲለኝ አይሆንም ብዬ ነበር። ለምን አይሆንም እንዳልኩ እያነበብኩ ስሄድ ይገባችኋል።

ወይዘሮ ቢቢያና ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በቁምስናችን መነኮሳይት፣ በሲስተሮቹ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አምስተኛ ክፍል ሳሉ አንዲት የክፍል ጓደኛቸው ሽምብራ አፍንጫዋ ውስጥ ከትታ ታንቃ ልትሞት ደረሰች። ሲስተሮቹ በወረንጦ ሲጎረጉሩት ሽምብራው ወደ ውስጥ ገባ። ቢቢያና ትልልቆቹን ገፍተው አለፉና ሽምብራ የሌለበትን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣታቸው ደፍነው፣ አፋቸውን በልጅቷ አፍ ላይ ገጥመው አንድ ጊዜ እፍ ሲሉ ሽምብራው ተፈናጥሮ ወጣ። የት እንደተማሩት ቢጠየቁ «እናቴ ለወንድሜ ስታደርግ አይቼ ነው» ብለው መለሱ። በዚያ ቀን ነርስ እንደሚሆኑ ተወሰነ፤ የወሰኑትም ሲስተሮቹ ናቸው፤ እርሳቸውን የጠየቀ የለም።

ከ1974 ጀምረው ለሁለት ዓመት በሚስዮን ሆስፒታል የረዳት አዋላጅነት ትምህርት ተከታትለው ሲመለሱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ሥራ ጀመሩ። በዚያች ክሊኒክ ሠላሳ ሁለት ዓመት አገለገሉ። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ዕድሜያችሁ ከአሥራ አራት እስከ አርባ አምስት የሆነ ሁሉ፣ መጀመሪያ የነካችሁ እጅ የእርሳቸው ነው። በክረምት ወንዙ ሲሞላ የውስጥ ልብሳቸውንና መቀሳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ጭንቅላታቸው ላይ አስረው ይሻገሩ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ምላሳቸው ስለት ነበር። የሚያምጡ ሴቶችን አያባብሉም፤ ይሳደባሉ። «ጩኸቱን ለባልሽ አስቀምጪለት፣ አሁን ግፊ!» ሲሉ ከውጭ የቆሙት ወንዶች ይሳቀቁ ነበር።

በ1981 ከአቶ ኢግናስ ኩሉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሠረቱ። አቶ ኢግናስ ዝምተኛ ገበሬ ነበሩ፤ ከበሮ ሲይዙ ብቻ ነው ሰው የሚመስሉት እያሉ አክስቴ ይቀልዱባቸው ነበር። ከዚህ ጋብቻ በ1983 አልቢና፣ በ1985 ሊኑስ ተወለዱ። አቶ ኢግናስ በ2003 በወባ አረፉ።

ሊኑስን የማታስታውሱት ካላችሁ፣ ረጅሙ፣ በቀኝ ክንፍ የሚሮጠው ማለት ነው። መንደሮቹ ሙክት አስይዘው በሚጫወቱት ሆኪ ጋርጃቶሊ ሦስት ዓመት ተከታታይ ሙክቱን ያመጣችው በእርሱ ሩጫ ነው። የተሸነፉት ተጫዋቾች «ያ ልጅ ሁለት ሳንባ ሳይሆን አራት ነው ያለው» ይሉ ነበር። አክስቴም ይህን ሲሰሙ ደስ እንዳላቸው እንዳይታወቅባቸው «ሁለቱን እንኳ በሥራ ላይ ቢያውላቸው ይሻል ነበር» ይሉ ነበር።

በ2005 ከመንደራችን በታች ነጩን ድንጋይ ፈጭቶ ዱቄት የሚያደርገው ፋብሪካ ተከፈተ። ዱቄቱ በከረጢት ተሞልቶ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ለመለሰን ወደ ከተማ ይሄዳል። ወጣቶቻችን ወደ ሩቅ አገር ከመሰደድ ብለው ገቡበት። ሊኑስም በ2006 ከረጢት የሚሞላበት ክፍል ውስጥ ተቀጠረ። ማታ ሲመለሱ ፀጉራቸው፣ ቅንድባቸው፣ የጆሮአቸው ውስጥ ሁሉ ነጭ ነው። ሴቶቹ በጉድጓድ ውኃው አጠገብ ሆነው «የዛሬው ለስንት ቂጣ ይበቃል?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

በ2008 ሲስተሮቹ አርጅተው ተተኪ ስላጡ ክሊኒኳ ተዘጋች። አክስቴ በሩን በገዛ እጃቸው ቆለፉት። በዓመቱ የፋብሪካው ባለቤት የሆነው ኩባንያ «ጤናማ መንደር» የሚባል ፕሮግራም ይዞ መጣ። አንዲት ነጭ መኪና ሐኪም፣ ሹፌርና መድኃኒት ጭና በየረቡዑ መምጣት ጀመረች። የፕሮግራሙ ኃላፊ አቶ ፓኒግራሂ ልብሱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነበር። ለአክስቴ በሁለት እጁ ሰላምታ ሰጥቶ «እናታችን፣ ያለ እርስዎ ይህ መኪና ጎማ እንደሌለው ነው» አላቸው። እርሳቸውም የመንደሩ ጤና ተጠሪ ሆነው ተቀጠሩ።

እውነቱ መነገር አለበት፤ ረቡዕ ጥሩ ቀን ነበር። እርጉዞች የደም ግፊታቸው ይለካል፣ ሕፃናት ይመዘናሉ። የእኔ እናት ስኳር እንዳለባት የታወቀው በዚያች መኪና ነው፤ መርፌዋንም ከዚያች መኪና ነበር የምንወስደው። አክስቴ መኪናዋ ከመድረሷ በፊት ሰዉን በየተራው አሰልፈው፣ ተራ የሚዘል ሰው ካለ በጃንጥላቸው ጀርባውን እየወጉ ይመልሱ ነበር። ደስተኛ ነበሩ።

ሳሉ የመጣው ከ2011 ወዲህ ነው። መጀመሪያ የጀመራቸው ከረጢት ሞይዎቹን ነው። ደረቅ ሳል፣ ከዚያ መክሳት፣ ከዚያ ትንሽ ዳገት ሲወጡ ቆም ማለት። የመኪናዋ ወጣት ሐኪም ጀርባቸውን አዳምጦ «ቲቢ ነው» ይላል። ስድስት ወር በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ይሰጣል። ሽንት የሚያቀላውን እንክብል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሕጉ ደግሞ ታማሚው የጤና ተጠሪዋ ዓይን ሥር እንዲውጥ ነው። አክስቴ በየማለዳው ከቤት ቤት እየዞሩ አሥራ ዘጠኝ ወንዶችን አስዋጡ፤ ውጠው ሲጨርሱ አፋቸውን አስከፍተው ምላሳቸውን ያያሉ። በ2012 ሊኑስ ሃያኛው ሆነ።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ ሊኑስ በአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ «እማዬ፣ ጨረስኩ እኮ። ከመጀመሪያው ባሰብኝ» አላቸው።

«ሁለተኛ ዙር ይጀመርልሃል ተብሏል።»

«ሆዴን አንገሸገሸኝ። ይቅርብኝ።»

«ዋጥ፣ አትነጫነጭ። ሐኪሙ ካንተ ይበልጥ ያውቃል።»

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ከሞተ በኋላ። ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንደ ጸሎት ደጋግመው ሲሏት ሰምቻለሁ። ሊኑስ በኦክቶበር 2013 በሃያ ስምንት ዓመቱ፣ ሚስቱን ፕሪስካንና የአንድ ዓመት ልጁን ማግዳሊን ጥሎ አረፈ። ለመተኛት አልቻለም ነበርና ተቀምጦ፣ ግንባሩን በእናቱ ትከሻ ላይ አስደግፎ ነው የሞተው።

ከቀብሩ በኋላ በመጣው ረቡዕ አክስቴ እንደ ወትሮው ሰዉን አሰለፉ። ሰዉ ሲያልቅ ሐኪሙን ለብቻው ያዙት። እኔ የእናቴን መድኃኒት ልቀበል ቆሜ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ዶክተር፣ የልጄ የአክታ ምርመራ ውጤት የት ነው ያለው?»

«የምን ውጤት፣ እትዬ?»

«የአክታ። የሌሎቹም። ቲቢ ነው ያላችሁት አይታችሁ አይደል?»

ሐኪሙ ወደ ሹፌሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «እኛ እኮ አክታ አንልክም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ከሆነ ቲቢ ብላችሁ ጀምሩ ነው የተባልነው።»

«ማን ነው ያላችሁ?»

«ካርዱ ላይ ፋብሪካ የሚል ቃል እንዳይጻፍም ተብለናል። እትዬ፣ እባክዎ፣ እኔ የምሠራው ለደመወዝ ነው። እናቴን የምጦር እኔ ነኝ።»

አክስቴ ከመኪናዋ ጀርባ ዞሩና የበሉትን ሩዝ ሁሉ እዚያው አስመለሱ። ውኃ ይዤ ስሄድ እጃቸውን እያዩ ነበር ያገኘኋቸው፤ ሁለቱንም መዳፎቻቸውን ገልብጠው። «በዚህ ነው ያስዋጥኩት» አሉኝ። አፋቸውን ሳይጉመጠመጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በ2012 ኩባንያው ባለሥልጣናት ጋብዞ አንድ ቀን የራጅ መኪና አስመጥቶ ነበር። ፊልሞቹን ለየሰዉ አድለው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ያንን ያነበበ ሐኪም አልነበረም። እኛም የምናደርግበትን ስናጣ የተሰበረ መስኮት ደፈንንበት፤ ሌላው የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወተፈው፤ የዶሮ ቤት በር ያደረገበትም አለ። አክስቴ በየቤቱ እየዞሩ ከመስኮቱም ከጣሪያውም እየነቀሉ ሃያ ሁለት ፊልም ሰበሰቡ፤ ኩሱን አጥበው፣ በሩዝ ከረጢት ጠቅልለው በባቡር ወደ ትልቁ ከተማ ሄዱ። አብሬአቸው እንድሄድ ለምነውኝ ነበር። ትምህርት ቤት አለብኝ አልኳቸው። በዚያ ሳምንት ትምህርት ዝግ ነበር።

በመንግሥት ሆስፒታል ሁለት ቀን ወለል ላይ ተኝተው ተራ ከጠበቁ በኋላ አንዲት ጠና ያሉ የሳንባ ሐኪም አገኟቸው። ሐኪሟ ፊልሞቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ «እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ድንጋይ ይፈጫሉ።»

«ይሄ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ እሱ ነው። የድንጋዩ ብናኝ ነው። ቲቢ ያላችሁ ማን ነው?»

«መድኃኒቱስ?»

«የለውም። ሰውየውን ከአቧራው ማውጣት ነው፣ ቶሎ።»

«የኔ ልጅ ሳሉ የጀመረው ገና ስድስት ዓመት ሠርቶ ነበር። ያኔ ቢወጣ ኖሮ?»

ሐኪሟ ፊልሞቹን ሰብስበው አመቻቹና «ከእነዚህ ውስጥ በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው?» አሉ።

«አሥራ አራት።»

«እንግዲያው ስለ አሥራ አራቱ እናውራ።» ለየአንዳንዱም በእጃቸው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም መትተው ሰጧቸው።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2014 የፕሮግራሙ አምስተኛ ዓመት በሆኪ ሜዳችን ተከበረ። እኔ የማስተምራቸው ልጆች የወረቀት ባንዲራ ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ድንኳን ተተክሏል፣ የአበባ ጉንጉን ተሰቅሏል፣ የኩባንያው ምልክት ያለበት ብስኩት ይታደላል። ወይዘሮ ቢቢያና «የጋርጃቶሊ እናት» የሚል ሽልማትና ሻል እንዲቀበሉ ወደ መድረክ ተጠሩ። አቶ ፓኒግራሂ ሻሉን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገ። እርሳቸውም ሻሉን አውልቀው፣ በሥርዓት አጣጥፈው ወንበር ላይ አኖሩና ማይክሮፎኑን ያዙ።

«ልጄን ስድስት ወር በገዛ እጄ የማይሆነውን መድኃኒት አስዋጥኩት» አሉ። «ቲቢ አልነበረውም። ሳንባው ውስጥ የነበረው እናንተ ቤት የሚፈጨው ድንጋይ ነው። ይህን የምታውቁ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣችኋል። የምታውቁ እጃችሁን አውጡ።»

ማንም እጁን አላወጣም። የሞቱትን ስም መጥራት ጀመሩ፤ የስምንት ሰው ስም ነበር። አምስተኛው ላይ ማይክሮፎኑ ተቋረጠ። በባዶ ድምፃቸው ቀጠሉ። ያን ጊዜ የሙዚቃ ጓዱ እንዲመታ ታዘዘና መለከቱና ከበሮው ተነሣ። አቶ ፓኒግራሂ ፈገግ ብሎ እያጨበጨበ «እናታችን በልጃቸው ሐዘን ተጎድተዋል፤ ሁላችንም እንረዳቸዋለን» ይል ነበር። ፎቶ አንሺው እንኳ አላቋረጠም። አክስቴ አፋቸውን ከፍተው፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ የሞተ ሰው ስም ሲጠሩ ያነሣው ፎቶ በኩባንያው የዓመቱ መጽሔት ላይ ወጣ። ከሥሩ የተጻፈው «ወይዘሮ ቢቢያና ሶሬንግ በፕሮግራሙ የተሰማቸውን ደስታ ሲገልጹ» ይላል። መጽሔቱ ቤቴ አለ፤ ማየት የሚፈልግ መጥቶ ይይ። እኔ ዛሬም ስከፍተው የበሰበሰ ነገር የነካሁ ያህል እጄን ልታጠብ እነሣለሁ።

የሚቀጥለው ረቡዕ መኪናዋ አልመጣችም። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። አምስት ሳምንት ሆነ። ዶሮቴያ የምትባል የስምንት ወር እርጉዝ እግሯ አብጦ፣ ዓይኗ ጨልሞ በጠፍር አልጋ ተሸክመዋት ሲሄዱ መንገድ ላይ ሕፃኑ ሞተ። ሰዉ ፊቱን ያዞረው በኩባንያው ላይ አልነበረም። በጉድጓዱ አጠገብ አክስቴ ባልዲያቸውን ሲያስቀምጡ አንዷ «እትዬ፣ አፍዎ መኪናችንን አባረረብን» አለቻቸው። ሌላዋ «የእርስዎ ልጅ ሞተ ተብሎ የእኛ ይሙት?» አለች። ራሳቸው ያዋለዷቸው ሴቶች ናቸው። አክስቴ ባዶ ባልዲያቸውን አንሥተው ተመለሱ።

በስድስተኛው ሳምንት አቶ ፓኒግራሂ አንድ ወረቀት ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ተተይቦ አልቋል። ወይዘሮ ቢቢያና በሐዘን ምክንያት አእምሯቸው እንደታወከና የተናገሩት የመንደሩ ሐሳብ እንዳልሆነ ይገልጻል። ሃምሳ ሰው ከፈረመበት መኪናዋ በሚቀጥለው ረቡዕ ትመለሳለች። «ለማያነቡት የሚያነብላቸው የተማረ ሰው ያስፈልገናል፣ አስተማሪ ሰሎሚ» አለኝ፣ በዚያው ለስላሳ አነጋገሩ። «እናትሽ እንዴት ናት? መርፌው አልቆባታል አይደል?»

አልቆባት ነበር። እግሯ ላይ ያለው ቁስል መሽተት ጀምሮ ነበር። ወረቀቱን በዛፉ ሥር ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ፊርማም የእኔ ነው። አይሆንም ያልኩት ለዚህ ነው። እነዚያን ሰዎች እጸየፋለሁ፤ ግን ብዕሩን ይዞ የፈረመው እጅ የማን እንደነበረ ሳልናገር የእርሳቸውን ሥራ ብቻ ባወራ፣ ያንኑ መጽሔት ደግሜ እንዳሳተምኩ ይቆጠራል።

መኪናዋ በተመለሰችበት ማግስት አክስቴ እቤታችን መጡ። ወረቀቱን ማን እንዳነበበው ያውቃሉ። የእናቴን እግር አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉና ቁስሉን አጠቡት።

«መርፌው መጣላት?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«መጣላት።»

«እንግዲያ በሰዓቱ ስጫት። ምግብ ሳትበላ እንዳትወጊያት።»

ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም ስለዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡብኝም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ከሥራቸው ተሰናበቱ። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው የፋብሪካው መኪና ሠራተኛ ከሚጭንበት መገንጠያ ላይ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ይቆሙ ነበር። አዲስ ልጅ ሲሳፈር ካዩ አይለቁትም። አንድ ቀን አንዱን ጎረምሳ በሰው ሁሉ ፊት «አንተ! በእግርህ የተወለድክ! እናትህን ሁለት ቀን አሠቃይተህ፣ እኔን ወገቤን ሰብረህ ነው ያወጣሁህ። ለዚህ ነው? ውረድ!» አሉት። ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ልጁ አፍሮ ወረደ። ሾፌሩ ቢሰድባቸው ጎማው ላይ ተደግፈው ቁጭ ይሉ ነበር። ከ2014 ወዲህ ከመንደራችን አንድም ወጣት ከረጢት ሞይ ሆኖ አልገባም። የገቡት ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ እነርሱንም የሚያወርዳቸው እናት አለመኖሩ አክስቴን ያንገበግባቸው ነበር።

በሐኪሟ ወረቀትና በፊልሞቹ አቤት እያሉ፣ ከፕሪስካና ከሌሎቹ ባሎቻቸው ከሞቱባቸው ሴቶች ጋር በአውቶቡስ እየተመላለሱ አራት ዓመት ፈጀባቸው። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ይልካቸዋል፤ አንዱ ጸሐፊ «የተፈረመበት ወረቀት እዚህ አለ፤ ራስዎን እንደሚያምዎ ይላል» ብሎ አንብቦላቸዋል። ከላይ የማንን ስም እንዳዩ ታውቃላችሁ። በ2018 የመንግሥት ሐኪሞች መጥተው ሕያዋኑን መረመሩ፣ የሟቾቹን ፊልም አዩ፤ በአሥራ አንድ ሰዎች ወረቀት ላይ «በድንጋይ ብናኝ የመጣ የሳንባ በሽታ» ተብሎ ተጻፈ። ሊኑስ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው። ወረቀቱን ሲቀበሉ ደስ አላቸው ብል እዋሻለሁ። «አሁን ቢያንስ በምን እንደሞተ ሲጠይቁኝ አልዋሽም» አሉ።

ፋብሪካው አራት ወር ተዘጋና በሌላ ስም ተከፈተ። ማሽኖቹ እነዚያው ናቸው። ብናኙን የሚያረጥበው ውኃ የሚከፈተው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነው። ፕሮግራሙም ስሙን ቀይሯል። አቶ ፓኒግራሂ ከፍ ወዳለ ሥራ ወደ ዋናው ከተማ ተዛውሯል።

ወይዘሮ ቢቢያና በ2021 መጨረሻ ላይ ሆዳቸውን ይታመሙ ጀመር። በምርመራ የጉበት ካንሰር እንደሆነና እንደተስፋፋ ተነገራቸው። የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ወራት በልጃቸው በአልቢናና በምራታቸው በፕሪስካ እጅ ሆነው አሳለፉ። ሩዝ ሲያስመልሳቸው የሩዝ ውኃ፣ እሱም ሲያቅታቸው በቅጠል ጽዋ የረጋ ጠላ ጠብ እያደረጉ ይጠጡ ነበር። በሴፕቴምበር አዲሱ የፕሮግራሙ ኃላፊ የፍራፍሬ ቅርጫትና ፎቶ አንሺ ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። አክስቴ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት።

«ፍሬውን ለልጆቹ ስጧቸው» አሉ፤ ድምፃቸው በጣም ደክሞ ነበር። «ካሜራውን ይዛችሁ ውጡ።»

ሰውየው «እናታችን፣ ለማስታወሻ ያህል ነው» አለ።

«ውጣ አልኩህ እኮ፣ ልጄ። ሽታህ አስመለሰኝ።»

ሐሙስ ኖቬምበር 17 ቀን 2022፣ ረፋድ ላይ፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው በስልሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ከኩባንያው የአበባ ጉንጉን መጥቶ ነበር፤ ይህን የሕይወት ታሪክ እናሳትምላችሁ የሚል መልእክትም አብሮ ደርሶናል። ጉንጉኑ በአጥሩ ውጭ ቆሟል፤ ላሞቹ እየበሉት ነው። ጽሑፉን ያሳተሙት ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ሳል ከሚባለው ዛፍ ቅጠል ሳህን ሰፍተው፣ ሸጠው ነው። ከኋላ የተቀመጣችሁት የኩባንያው ሰዎች መቀመጣችሁን አንከለክልም፤ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፎቶ ግን አታነሡም።

ወይዘሮ ቢቢያና ሶሬንግ አንዲት ልጃቸውን አልቢናን፣ ምራታቸውን ፕሪስካን፣ የልጅ ልጃቸውን ማግዳሊን፣ ወንድማቸውን አባቴን አቶ አንቶንን፣ እኔንና ያዋለዱትን አገር ሁሉ ትተው ሄደዋል።

ከዚህ እስከ መቃብሩ ያለው ዳገት ነው። በባህላችን ሣጥን የሚሸከሙት ወንዶች ናቸው። የሊኑስ እኩዮች ግን ግማሾቹ ዳገቱ አናት ላይ ተቀብረዋል፤ የቀሩት ባዶ እጃቸውን እንኳ ሦስት ጊዜ ሳይቀመጡ አይወጡትም። ታናናሾቻቸው በሩቆቹ ግዛቶች፣ በኬረላና በጎዋ ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በአባ ፈቃድ ሣጥኑን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው፤ አምስቱ ያንን መድኃኒት ሲውጡ የሞቱት ወንዶች ሚስቶች ናቸው። ስድስተኛ ሰው ጎደለ። ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ሳለ ፕሪስካ አየችኝና «ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ፣ በግራ በኩል ያዢ» አለችኝ።

ጌታ ሆይ፣ አገልጋይህ ቢቢያና ሊኑስ ሳያስል በሚተነፍስበት ቦታ ይረፉ። እኛን የቀረነውን ደግሞ እጃችንን አጥራልን። አሜን።